አባቴ ገንዘብ ያባከነበት ዓመት

አዳማ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን «አባከነ» በሚለው ግስ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ስላቸው አብዛኞቹ ብር ይጽፋሉ። «ወንድሜ ደመወዙን በመጠጥ አባከነ» ይላል አንዱ። አሁን አሁን ቁማሩ ስልክ ውስጥ ስለገባ «በቤቲንግ አባከነ» የሚሉም መጥተዋል። ኳስ የሚወድ ካለ «በባከነ ሰዓት ግብ ገባ» ብሎ ክፍሉን ያስቃል። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ራይት አድርጌ አልፋለሁ። ሥር ያለውን «ባከነ»ን ግን፣ ሰውም ሆነ እንስሳ ባለቤትና መድረሻ አጥቶ ሲንከራተት የምንለውን፣ የሚያነሳው ጥቂት ነው። እኔም የሁለቱን ዝምድና የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቴ ነው፤ እሱም በስተርጅናው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ምስማር፣ ጎማ፣ ካርቶን፣ የእሱ ያልሆነውን ሁሉ ሲጠብቅ ኖረ። ቤት ሲመጣም ጠባቂነቱ አብሮት ይገባል። ከሰላምታ በፊት ሰው የሌለበትን ክፍል መብራት ያጠፋል። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማ ከተኛበት ይነሳል። ሳሙና አልቃ ወረቀት ስታክል ከአዲሱ ሳሙና ጀርባ ላይ ያጣብቃታል። ገበታ ላይ የተረፈ ዳቦ ካየ ደግሞ ቀስ ብሎ «ባከነ» ይላል። ቁጣ የለበትም። የሚያውቀው ሰው እንደሞተ የተነገረው ዓይነት ነው አባባሉ፤ ስለዚህ ከቁጣ የባሰ ያሳፍረን ነበር።

እናቴ ደራ ተወልዳ ያደገች ናት። ገበያው አጠገብ ትንሽ የእህል ሱቅ አላት። የእሷ ግስ «አጠፋ» ነው። አፏን በፈታችበት በኦሮምኛ ማበላሸትም፣ ማጥፋትም፣ መበደልም በአንድ ቃል ስለሚነገር፣ አባቴ «ብሩ ባከነ» የሚለውን እሷ «ብሩን አጠፋኸው» ትላለች፤ ጥፋተኛውንም አብራ ታስቀምጣለች። እጇ ግን እንደ ምላሷ አልነበረም። ለደንበኛ ስፍር ከሞላች በኋላ ምራቂ ትጨምራለች፣ ጨምራም ትደግማለች። አባቴ ሱቁ ውስጥ ካለ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል።

የመጀመሪያ ልጄን ለመውለድ እንደ ወጉ እናቴ ቤት ገብቼ ነበር። ባለቤቴ ለሥራ ሐዋሳ ነው። ምጡ የያዘኝ ክረምት ላይ፣ ገና ሳይነጋ ነው። መንደራችን ያኔ ድንጋይ አልተነጠፈበትም፤ ጭቃው ባጃጅ ይውጣል። ስልክ የተደወለላቸው ሁሉ አንገባም አሉ። አባቴ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ሮጦ ጎረቤታችን ያለውን ባለጋሪ ቀሰቀሰው። ጋሪው ላይ ፍራሽ አንጥፈው ጫኑኝ፣ እናቴ ራሴን ይዛ ተቀመጠች፣ አባቴ ከኋላ ተከተለ። ጋሪዋን የምትጎትተው ዳለቻ ባዝራ ናት፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ። ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ስትሰጥም ባለጋሪው አልመታትም። ወርዶ ልጓሟን ይዞ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለ አብሯት ገፋ። ለእኔ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ ደርሰን ብዙም ሳልቆይ ልጄን ተገላገልኩ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ድንጋዩ ተነጠፈ፣ ባጃጅ በየበሩ ቆመ፣ ጋሪ ከዋናው መንገድ እየተገፋ ሄደ። ባለጋሪውም እንደሌሎቹ ባጃጅ ገዛ። ባዝራዋ ወዴት እንደሄደች የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ወደ ማታ በእግሩ ወጣ የማለት ልማድ አመጣ። አንድ ቀን ከእነዚህ ጉዞዎቹ ሲመለስ እኔና ልጄ እነሱ ቤት ነበርን። እራት ቀረበ፤ ጎርሶ ተወው።

እናቴ «አመመህ?» አለችው።

«ያቺ የጋሪ ባዝራ» አለ። «ልጃችንን ያደረሰቻት። አስፋልቱ መሐል ቆማ እየባከነች ነው።»

በማግስቱ ይዞኝ ሄደ። ከባድ መኪናዎች የሚያልፉበት መንገድ ነው። ባዝራዋ መሐል አካፋዩ ላይ ቆማለች፤ ሣር እንኳ የለበትም። የጎን አጥንቷ ወጥቷል፣ ጀርባዋ ገጥቧል፣ ቁስሉ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ለምን እዚያ እንደምትቆም መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ አንድ ትልቅ ተሳቢ በአጠገቧ ሲያልፍ ነፋሱ ዝንቡን ሁሉ ጠራርጎ ሲያነሳላት አየሁ። ዓይኗን ጨፈነች። ዝንቡ ተመልሶ እስኪያርፍባት ድረስ ያቺን ታህል ታርፋለች፤ ከዚያ ሌላ መኪና ትጠብቃለች።

አባቴ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። «አየሽ» አለኝ።

ከዚያው ባለጋሪው ጋ ሄድን። ባጃጁን እያጠበ ነበር። አባቴ የመጣበትን ሲነግረው እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ ብለው ነው? መሥራት አትችልም። የሚገዛት የለ። ማረድ አይቻል። ፈትቼ ለቀቅኳት፣ ሣር ካገኘች ብዬ።»

«ሽጥልኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይውሰዷት! ምን ይሸጣል ከእሷ?»

«በነፃ አልወስዳትም» አለ አባቴ። «ዋጋ የላትም እንዳልል ነው።»

ባለጋሪው አልቀበልም አለ፣ አባቴ አልተወውም፤ በስተመጨረሻ ብሩን ኪሱ ውስጥ ከተተለት። የዚያን ቀን አመሻሹ ላይ፣ የሳሙና ቁራጭ ሲያጣብቅ የኖረው አባቴ፣ የምታነክስ አሮጊት ባዝራ በገመድ እየሳበ በሰፈራችን መሐል ገባ። ሰው በር ላይ እየወጣ አየው። ሕፃናት ከኋላ ተከተሉት።

ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እናቴ ወዲያው ገባት። የሳሎናችን ኮርኒስ የድሮ አቡጀዲ ነው። የአዳማ ነፋስ ሲነሳ ሆዱ ይነፋና አቧራውን ምግብ ላይ ያራግፋል። እሱን አውልቀው ቺፑድ ሊያደርጉበት ሁለቱም ከየበኩላቸው ሲያስቀምጡ ቆይተዋል።

«ብሩን ጨረስከው ማለት ነው?» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«አልጨረስኩም። ግን ሐኪምም ያስፈልጋታል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልክህን አምፖል ስታጠፋብን ኖረህ! እኔ ምራቂ በጨመርኩ ቁጥር አንገትህን ስታዞር ኖረህ! ዛሬ የኮርኒሱን ብር ለሞተ ፈረስ አጠፋኸው?»

«አልሞተችም» አለ አባቴ። «ስትባክን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ይቅር በይኝ።»

ባዝራዋንም ወስዶ ጓሮ አሰራት። እናቴ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ በጓሮ በኩል አልዞር አለች፤ ልብስ እንኳ በፊት ለፊት አሰጣች።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ቁስሏን አጠበ፣ መርፌ ወጋት፣ ቅባት ሰጠ። አባቴ ጭድና ፉርሽካ ገዛ። ያ ሁሉ ብር ነው፤ አባቴም ያወጣውን አልደበቀም። አባቴና እናቴ አብረዋቸው የሚጸልዩ ሰዎች ቤታችን ተሰብስበው ሳለ አንዱ ወንድም፣ ደግ ሰው ነው፣ አባቴን ለብቻው ጠርቶ «ወንድሜ፣ ይህ ገንዘብ እኮ አንድ ችግረኛ ቤተሰብ ይረዳበት ነበር። ብክነት አይሆንም ወይ?» አለው። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። አባቴ ይከራከራል ብዬ ጠበቅኩ።

«ልክ ነህ» አለው። «እኔም እሱን እያሰብኩ ነው የማድረው።» ከዚያ ሰዎቹን ሸኝቶ ለባዝራዋ ውሃ ሊያጠጣ ወጣ።

ጭንቁ ባዝራዋ አለመብላቷ ነበር። ጭዱን ታነሳለች፣ ታላምጣለች፣ ተንከባሎ ከአፏ ይወድቃል። አባቴ እየሰበሰበ መልሶ ያቀርብላታል። አንድ ከሰዓት በኋላ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል እያየሁት ነበር፤ እናቴም ከአጠገቤ ሽንኩርት ትልጣለች። አባቴ ጎንበስ ብሎ «ብይ እንጂ፣ ምን ሆንሽብኝ» ይላታል። እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወጣች። ተከተልኳት።

«ኮቱ» አለቻት ባዝራዋን፣ ነይ ማለቷ ነው። «ኮቱ፣ ኮቱ…» በእንዲህ ያለ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ የልጅ ድምፅ ነበር። የተቆረጠችውን ጆሮ ሥር ሥሯን አከከችላት፣ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ አየች።

«ጥርሷ አልቋል» አለች። «ጭዱን በምን ታኝከዋለች? ፉርሽካውን ለብ ባለ ውሃ አርጥብላት። ጨው ጣል አድርግበት።»

አባቴ ባልዲ ይዞ ተመለሰ። እናቴ ክንዷን ሰብስባ በእጇ አማሰለችው። ባዝራዋ አሸተተች፣ ከዚያ አፏን ነከረች፤ የምትመጠው ድምፅ እስከ በሩ ይሰማል። አባቴ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ።

«ከየት ተማርሽው?»

«አባቴ ፈረስ ነበረው።»

«ላገባሽ ስመጣ በቤታችሁ ፈረስ አላየሁም።»

«ተሽጦ ነበራ።»

ባልዲውን ለሁለት እንደያዙት ነገረችው፣ ዓይኗን ከባዝራዋ ሳታነሳ። አባቷ በደራ ዙሪያ የታወቀ ፈረስ ነበረው። ገበያም፣ ለቅሶም፣ ሠርግም የሚሄደው በእሱ ነው። እናቴ የመንደሩን ትምህርት ስትጨርስ፣ ናዝሬት አክስቷ ዘንድ ሆና እንድትማር ብሎ ሸጠው። ሁለት ዓመት ተማረች። ከዚያ እናቷ ታመመች፤ አስታማሚ ሲጠፋ ጠሯትና ሄደች፣ በዚያው ቀረች።

«ዘመዶቻችን ‹ለሴት ልጅ ብሎ ፈረሱን አጠፋ› አሉት» አለች። «እሱ አንድ ቀን አንድ ነገር አላለኝም። ግን ገበያ በእግሩ ሲሄድ አየዋለሁ፤ አቧራው እስከ ጉልበቱ። ያ ሁሉ እኔ ላይ ጠፋ እል ነበር።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። አባቴም አያውቅም። ብዙ ዘመን አብረው ኖረው፣ ወልደው፣ ልጆች ድረው።

አባቴ ቶሎ የሚናገር ሰው አይደለም። ባዝራዋ እስክትጨርስ ባልዲውን ዘንበል አድርጎ ያዘላት።

«አንቺ ላይ የባከነ ነገር የለም» አላት።

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

«እኔ ነኛ የማውቀው። ሱቁን ማን አቆመው? ልጆቹን እየተቀመጠ ያስጠናቸው ማን ነው፣ እኔ መጋዘን ስቆልፍ እያመሸሁ? አባትሽ ቢያዩ ኖሮ ሁለተኛ ፈረስ ቢኖራቸው እሱንም ይሸጡት ነበር።»

ስለ ባከነ ነገር ሲናገር ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ስላልባከነ ነገር ሲናገር ግን የዚያን ቀን መጀመሪያዬ ነበር። እናቴ «እስቲ ውሃ ጨምርላት» ብላው ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ሽንኩርቱን ሳትልጠው ብዙ ቆየች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ፉርሽካውን የምታረጥበው እናቴ ሆነች። ባዝራዋ ገላዋ ተመለሰ፤ ጎኗ ሞላ፣ ጀርባዋ ላይ አዲስ ጠጉር በቀለ። ግቢያችን ግን ጠባብ ነው። ጎረቤታችን፣ ለእናቴ እንደ ታናሽ እህት የሆነች ሴት፣ አንድ ቀን እየተሽኮረመመች «እትዬ፣ ዝንቡ በዛብን፤ ልጆቹ አስቸገሩኝ» አለቻት። እውነቷን ነው። እናቴ በዚያው ዕለት ደራ ለሚኖረው ለታላቅ ወንድሟ ደወለች። በኦሮምኛ ረዥም አወሩ፤ መጨረሻ ላይ የአጎቴ ሳቅ ከስልኩ ወጥቶ ሳሎኑን ሞላው።

አንድ አይሱዙ ተከራየን። እናቴና ልጄ ጋቢና ገቡ። አባቴ ሹፌሩ ቢለምነው ቢለምነው እምቢ ብሎ እኔን አስከትሎ ከኋላ ከባዝራዋ ጋር ወጣ። ኮቱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ አንድ እጁን አንገቷ ላይ፣ አንዱን ብረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ነፋሱ ያለችውን ጠጉሩን ያነሳታል። «አይዞሽ» ይላታል መኪናው በዘለለ ቁጥር።

አጎቴ ከነልጆቹ መንገድ ዳር ወጥቶ ጠበቀን። «አካም ጅርቱ!» ብሎ አባቴን አቅፎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ሰው ሁሉ ፈረስ ከገጠር ወደ ከተማ ይወስዳል። አንተ ከከተማ ወደ ገጠር ታመጣልኛለህ! ምን ዓይነት ነጋዴ ነህ?»

አባቴም ሳቀ። «ከሳሪ ነጋዴ ነኝ» አለው።

ባዝራዋን ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ግጦሽ ወሰድናት። እናቴ ልጓሙን ፈታችላት። ባዝራዋ አልተንቀሳቀሰችም። ሣሩ ጉልበቷ ድረስ ነው፤ እሷ ግን ወደ መጣንበት መንገድ ዞራ፣ መኪና እንደምትጠብቅ ሁሉ ቆመች። አባቴ «ምነው?» አለ ድምፁ ተሰብሮ። እናቴ «ዝም በላት፣ ታስብ» አለችው። ቆየን። ከዚያ ባዝራዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መሬቱን አሸተተች፣ የፊት ጉልበቶቿን አጠፈች፣ ተጋደመች፣ በጀርባዋ ተንከባለለች። አራቱም እግሮቿ ሰማይ ላይ! ልጄ ጮኸች። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። አባቴ መሐረቡን ሰጣትና ሌላ ቦታ እንደሚያይ ሆኖ አጠገቧ ቆመ።

ባለጋሪው ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ እሑድ ቤታችን መጣ። ባጃጁን አላመጣም፤ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነው። «ጋሼ፣ እሷ… አለች?» አለ። አባቴ «ነገ ልንሄድ ነው፣ ና አብረን» አለው። የመሄድ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ለእሱ ብሎ ነው ያለው። በማግስቱ ሦስቱ በሚኒባስ ሄዱ። የሆነውን የነገረችኝ እናቴ ናት።

ባለጋሪው የሸንኮራ አገዳ ከነቅጠሉ በክንዱ አቅፎ ነበር አሉ፤ ድሮ ቀኑ ሲቀናው ይገዛላት የነበረው እሱን ነው። ባዝራዋ ሜዳው ጫፍ ላይ ነበረች። እሱ ከዚህ ሆኖ በከንፈሩ ድምፅ አሰማት። ቀና አለች። የተቆረጠችውም ያልተቆረጠችውም ጆሮዋ ቆመ፣ እያነከሰች መጣች። ቅጠሉን ከእጁ ስትበላ እሱ ግንባሩን ግንባሯ ላይ አስደግፎ ቆየ።

«ልጆቼን ያሳደገችልኝ እሷ ናት» አላቸው ዞር ሳይል። «እኔ ግን ማሳረፊያ አጣሁላት።»

አባቴ «አሁን አላት» አለው። «በፈለግክ ጊዜ እየመጣህ እያት።»

ሲመለሱ አጎቴ ሦስቱንም እርጎ አጠጥቶ፣ ለባለጋሪው ልጆች ደግሞ የስንዴ እሸት በፌስታል ሞልቶ ሰደደው።

ባዝራዋ ሁለት ክረምት ከረመች። ሞቷን አጎቴ በስልክ ነው የነገረን። ጧት ሊያያት ሲሄድ ከዋርካው ሥር ተኝታ አገኛት፤ ምንም የተንፈራገጠች አትመስልም ነበር አለ። አባቴ ስልኩን ለእናቴ አቀብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ሰው ልኮ ለባለጋሪው አስነገረው፤ ሰውዬውም በዚያ ቀን ባጃጁን አቁሞ መጥቶ ከአባቴ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ስለ ነዳጅ ወረፋ አወሩ፣ ስለ ልጆች ትምህርት አወሩ።

ኮርኒሱ እስካሁን አቡጀዲ ነው። ነፋስ ሲነሳ እናቴ ሰሃኑን በክዳን ትሸፍናለች፣ እሱን ግን አትወቅሰውም። ሁለቱ አሁንም ደራ ይመላለሳሉ።

በቀደም ልጄ ከአያቷ ጎን ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር። ባዝራዋ ከሞተች ወዲህ ስለ ፈረስ መጠየቅ አብዝታለች።

«እማማ፣ የአባትሽ ፈረስ ምን ዓይነት ነበር?»

«ዳማ» አለች እናቴ። «ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው።»

«ሲሸጥ አልቅሷል?»

«ፈረስ ያለቅሳል እንዴ? እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አባቴ ነው ያላቀቀኝ።»

አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ልጄ ትንሽ አሰበችና «ስሙስ ማን ነበር?» አለቻት።

እናቴ ስሙን ነገረቻት፤ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ። ልጄ አፏ ውስጥ አዙራ ደገመችው። እናቴም «እንደሱ አይደለም፣ ላላ አድርጊው» እያለች፣ በትክክል እስክትጠራው ድረስ ታስተምራት ጀመር።